ጾም ስለሚመስል ደዌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቍጣ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ፤ ለምኖም አንቀላፋ። በዚያን ጊዜ የመጣለት መልአክ ስለ ተስፋ መቍረጡ አልገሠጸውም፤ ትምህርትም አላስቀደመለትም፤ ቀስቅሶ እንዲበላ አዘዘው እንጂ። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ተዘጋጅቶለት ነበረ። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ቢተኛ፥ መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ የሚርቅበት መሆኑን ነግሮ አሁንም እንዲበላ አዘዘው። ወደ ኮሬብ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ተጽፎአል።

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ የሚኖር ምእመን ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማዋል፤ አገሩ በነቢዩ ስም የተጠራች ናትና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከታሪኩ የምናስታውሰው አርባውን ቀን ነው፤ ሁለቱን ማዕድ እንረሳለን። አርባውን ቀን ይዞ ሁለቱን ማዕድ መርሳት ግን ነፍስ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገር ለካህናትና ለምእመናን ጥቂት መጻፍ ተገቢ ሆኖ ተገኝቶአል።

ሰው አካለ መጠን ከደረሰ፥ ይልቁንም ትዳር ይዞ ልጅ ወልዶ የቤት ኀላፊ ከሆነ በኋላ እንኳ በምግብ ነገር አሳቡ የሚታወክበት ደዌ አለ። ሐኪሞች የአመጋገብ መዛባት ይሉታል። መልኩ አንድ አይደለም። አንዱ ምግብን እንደ ጠላት ይፈራል፤ በየዕለቱ መጠኑን እየቀነሰ ይሄድና አጥንቱ እስኪቈጠር ይከሳል፤ ሰው ከሳህ ቢለው ግን ገና ነኝ ይላል። ሁለተኛው ቀን ተከልክሎ ይውልና ሌሊት ሰው ሲተኛ ከመሶብ የተረፈውን ሁሉ ጣዕሙን ሳያውቀው ይውጠዋል፤ ከዚያም በኀፍረት ጣቱን ወደ ጕሮሮው ሰድዶ ያስመልሳል፥ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል። ሦስተኛው አያስመልስም፤ ነገር ግን ሳይርበው መብላት ይጀምራል፥ ጠግቦም ማቆም ያቅተዋል፥ ከበላ በኋላም ራሱን ይጸየፋል።

ይህ ረኃብ ከድህነት ከሚመጣው ረኃብ የተለየ ነው። የድሀ ረኃብ እንጀራ ሲገኝ ይድናል፤ ይህኛው ግን እንጀራው በመሶብ ተቀምጦ ሳለ የሚመጣ ነው። ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ደጅ ለደጅ የሚዞር የቅኔ ተማሪ ቍራሽ ሲሰጠው ፊቱ ይፈካል፤ ይህ በሽተኛ ቍራሽ ሲሰጠው ይደነግጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፥ በእኛ አገር የለም የሚል ይኖራል። በእርግጥ ራስን በረኃብ ለሚያከሳው ደዌ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣለት በ1866 ዓ.ም. ገደማ ሰር ዊልያም ገል የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነው፤ ነገር ግን ደዌ ከስሙ በፊት ይኖራል። በ1997 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በምዕራብ አፍሪካ፥ በጋና፥ ራሳቸውን በረኃብ ያከሱ ሴቶች ተማሪዎች እንደ ተገኙ ይመሰክራል። የእነዚህ ልጆች ምክንያት መልክን ማሳመር አልነበረም፤ መከልከላቸውን እንደ መንፈሳዊ ተጋድሎና ራስን እንደ መግዛት ይቈጥሩት ነበር እንጂ። ስለዚህ ደዌው የየአገሩን ልብስ ይለብሳል። ቅጥነት በሚመሰገንበት አገር የቅጥነትን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ጾም በሚከበርበት አገር ደግሞ ጾምን ለብሶ ይመጣል። ከ7 ዓመት ጀምሮ በሚጾምበት፥ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን በሆነበት፥ የዓመቱም እኩሌታ ያህል በጾም በሚያልፍበት በእኛ አገር ከጾም የተሻለ መሸሸጊያ ከየት ያገኛል?

ታዲያ ጾሙን ከደዌው በምን እንለየዋለን ቢሉ፥ አባቶች መለያውን አስቀድመው ሰጥተውናል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲናገር ሦስት ነገሮችን ያስተምረናል። ጾም በታወቀ ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ ሕግን ለሠራው ፈቃድ መታዘዝ ነው፤ ፍሬውም ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትገዛ ነው። እነዚህን ሦስቱን ይዘን ብንመረምር አንስትም።

ስለ ጊዜው፦ ጾም መግቢያና መውጫ አለው። በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ሲያልቅ ጾመኛው ደስ ብሎት ይገድፋል። ደዌ የያዘው ሰው ግን መጾም ይችላል እንጂ መግደፍ አይችልም። ጾም ሲገባ እፎይ ይላል፥ የሚያስገድደው የለምና፤ ጾም ሲወጣ ይጨነቃል፥ መሸሸጊያው ፈርሶበታልና። በሃምሳው ቀን፥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፥ ምክንያት እየፈጠረ ከማዕድ የሚርቅ ሰው ብታዩ ልብ በሉ።

ስለ መታዘዙ፦ ጾመኛ የሆነ ሰው ቢታመምና የነፍስ አባቱ ብላ ቢለው ይበላል፤ እያዘነም ቢሆን ይበላል። የታወከው ሰው ግን የአባቱን ቃል እያከበረ ትእዛዙን መፈጸም ያቅተዋል፤ ከነፍስ አባቱ የሚበረታ ሌላ አዛዥ በውስጡ ተቀምጦአልና። የሐዋርያት ቀኖና በዐቢይ ጾምና በረቡዕ በዓርብ የማይጾመውን ካህን ሲቀጣ፥ የሥጋ ድካም የከለከለውን ግን ከቅጣቱ ያወጣዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰቡ አባቶችም እግዚአብሔር የፈጠረውን ምግብ እየተጸየፉ የሚከለከሉትን አውግዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ያለ ልክ መከልከልን ጽድቅ ብላ አታውቅም።

ስለ ፍሬው፦ የጾመኛ አሳብ ከምግብ ተነሥቶ ወደ ጸሎት ይወጣል። የታወከው ሰው ግን ሲጸልይም፥ ሲያርስም፥ ስትፈትልም አሳቡ ከምግብ አይነሣም። ትናንት ምን ያህል በላሁ፥ ዛሬ እንዴት አመልጣለሁ፥ ነገ ድግስ ተጠርቼ ምን እላለሁ ሲል ይውላል። ሥጋ ለነፍስ ትገዛ ዘንድ የተሠራው ጾም፥ በእርሱ ዘንድ ነፍስን ለሆድ ባሪያ አድርጎአታል፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ ሳለ።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የጎጃም ጉባኤ ቤቶች አንዱ በእርስዋ የሚገኘው ነው። በጉባኤ ቤት ተማሪው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንዲፈልግ ይማራል። ካህንም በዚህ ነገር እንዲሁ ያድርግ። በዚህ ቅኔ ሰሙ ጾም ነው፥ ከውስጡ የሚወጣው ግን ደዌ ነው። በሰሙ ብቻ ተደስቶ እንዴት ያለች ጾመኛ ናት እያለ የሚያመሰግን ካህን፥ ሳያውቀው ሴቲቱን ወደ መቃብር ይሸኛታል።

አሁን ደግሞ፥ ጸሎትና ብርቱ ፈቃድ ካለው ሰውዬው ራሱ አይተወውምን? ሐኪምስ ለምን ያስፈልገዋል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ለማስረዳት በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ነገር እንጥቀስ። በ1937 ዓ.ም.፥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል፥ አንሰል ኪስ የተባለ የሳይንስ ሊቅ በረኃብ የተጎዱ ሕዝቦች እንዴት እንደሚረዱ ለማወቅ ብሎ በፈቃዳቸው የገቡ 36 ጤነኞች ወንዶች ምግብ ተቀንሶላቸው ለ24 ሳምንት እንዲኖሩ አደረገ። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ጐደለ። ሰውነታቸው በረደ፥ የልብ ትርታቸው ዘገየ። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የአእምሮአቸው ነገር ነው። ጤነኞች የነበሩት ሰዎች ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ፥ የሚቈጡ፥ የሚያዝኑ፥ ከሰው የሚሸሹ ሆኑ፤ ምግብ ከተፈቀደላቸው በኋላም አንዳንዶቹ እየበሉ የማይጠግቡ ሆነው ቆዩ። እንግዲህ ረኃብ ሥጋን ብቻ ሳይሆን የሚያስበውን አእምሮ ራሱን ይለውጣል ማለት ነው። ሚዛኑ የተሰበረበት ነጋዴ በዚያው ሚዛን የራሱን ዕቃ በትክክል ሊመዝን አይችልም። የተራበው አእምሮም በራሱ ላይ ሲፈርድ እንዲሁ ነው። የሌላ ሰው ሚዛን ያስፈልገዋል።

በሥጋም የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሴቲቱ የወር አበባዋ ይቋረጣል፥ አጥንት ይሳሳል፥ ጠጕር ይረግፋል፥ ልብ ይደክማል። በሚያስመልሰው ሰው ላይ የሆድ ውስጥ አሲድ ጥርሱን ይበላዋል፤ ከደሙ ውስጥ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ሲጐድል ደግሞ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ክብደቱ ያልቀነሰ፥ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ይሞታል። ሐኪሞች ይህን ደዌ ከአእምሮ ደዌዎች መካከል ብዙ ከሚገድሉት ይቈጥሩታል።

ስለዚህ የነፍስ አባት የሆነ ካህን ሦስት ነገር ያድርግ።

መጀመሪያ ይጠይቅ። ሰዎች ይህን ነገር በስሙ አይናዘዙትም፤ ሆዳም ነኝ፥ ስስታም ነኝ እያሉ ይናዘዙታል እንጂ። ወይም፥ «አባቴ፥ እኔ አልታመምሁም፤ እህል አልስማማ ብሎኝ ነው» ይላሉ። በዚህ ጊዜ፥ «ልጄ፥ የፋሲካ ለት ምን በላሽ? ስትበይ የሚያስፈራሽ ነገር አለን? ከበላሽ በኋላስ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ በዝግታ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቅ የኖረች ትኖራለች።

ሁለተኛ ጾምን ቀኖና አድርጎ አይስጥ። ሌሊት ተደብቆ የሚበላውን ሰው እንደ ሆዳም ቈጥሮ ተጨማሪ ጾም ማዘዝ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ ያን ሌሊት እንዲበላ የሚያስገድደው የቀኑ መከልከል ነውና። ብዙ ስግደትም ልቡ ለደከመ ሰው አደጋ አለው። በዚህ ፈንታ እንደ አቅሙ የዳዊት መዝሙር፥ ምጽዋት፥ ድሀ መጠየቅ ይታዘዝለት። እስኪድን ድረስም ከጾም የተፈታ መሆኑን በግልጥ ይንገረው። ፈቃዱ ከአባቱ አፍ ካልወጣ ሰውዬው ጾሙን ምክንያት አድርጎ ከሐኪሙ ትእዛዝ ያመልጣልና።

ሦስተኛ ወደ ሐኪም ይላክ፤ ቢቻለውም አብሮት ይሂድ። ከደብረ ኤልያስ የሚነሣ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ ከዚያም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ከዚህም የሚበልጥ ርዳታ ሲያስፈልግ በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ይቀበላል። ራሱን የሚስት፥ ልቡ ያለ ልክ የሚመታበት፥ ደም የሚያስመልስ፥ ከተቀመጠበት መነሣት ያቃተው፥ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ከሆነ ግን ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ይወሰድ።

በሽተኛውም በሐኪሙ ፊት እውነቱን ይናገር። በእኛ አገር አዋቂ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል፤ የልጆች እናት ሆኜ፥ የቤት አባወራ ሆኜ፥ መብላት አቃተኝ ብል ሰው ይስቅብኛል ይላል። ስለዚህ ጨጓራዬን ነው ይልና የጨጓራ መድኃኒት ተቀብሎ ይመለሳል። ሐኪሙ የማያውቀውን ደዌ ሊያክም አይችልም። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ብዙ ጊዜ ያላየ ሐኪምም ይኖራልና፥ ምግብ እፈራለሁ፥ ወይም በልቼ አስመልሳለሁ ብሎ በራሱ አንደበት መናገር ይገባዋል። ሐኪሙም ይመዝነዋል፥ የልቡን ትርታ ያያል፥ ደሙን ይመረምራል፤ የሳንባ ነቀርሳ፥ የስኳር ሕመም፥ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፥ የሆድ ትላትል እንዳይሆንም ያጣራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና በአብዛኛው በመጠን የተመደበ ምግብና ከአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር የሚደረግ ተከታታይ ንግግር ነው። ወራት ይፈጃል፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት፤ ነገር ግን ብዙዎች ይድናሉ።

እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ የሚነገር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ጊዜ በረኃብ የከሳውን ሰው አዝነንለት፥ ይኸው ፋሲካ ነው ብለን በአንድ ጊዜ ዶሮውንና ሥጋውን ብናስጨንቀው ልንገድለው እንችላለን። ባዶ ሆኖ የኖረ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲቀበል ፎስፌት የተባለው የደም ማዕድን በድንገት ይወርድና ልብና ሳንባ ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ምግቡ በሐኪም ትእዛዝ፥ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። መልአኩም ለኤልያስ ያቀረበለት አንድ እንጎቻና ውኃ ነበረ፤ ካረፈ በኋላም ሁለተኛ አበላው።

ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጕድለት ነው የሚል ካለ፥ መጽሐፈ ሲራክን በምዕራፍ 38 ይመልከት፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፥ አስተዋይም መድኃኒትን እንደማይንቅ ያስተምራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ጸልዮለት ብቻ አልተወውም፤ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ጌታችንም የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ የምትበላው እንዲሰጡአት አዘዘ፤ ሙት ያስነሣ አምላክ የምግቡን ነገር ለሰዎች እጅ ተወው። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሳርያ ለድውያን መታከሚያ የሚሆን ትልቅ ቤት ሠርቶአል። በአገራችንም በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው ይጎዱ ስለ ነበረ፥ በ1999 ዓ.ም. ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል። ለዚያ ደዌ የተባለው ለዚህም ይሠራል። ጠበሉን ይጠመቅ፥ ሐኪሙንም ይስማ። ነገር ግን የማስመለስ ሕመም ያለበት ሰው ጠበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስን ልማድ እንዳያደርግ አጥማቂው ይጠንቀቅለት።

የቅዱሳንን ገድል ጠቅሶ፥ እነርሱ ያለ እህል ኖረው የለምን? የሚልም ይኖራል። የቅዱሳን ተጋድሎ ጸጋ ከሰጣቸው አምላክ የተቀበሉት ነው፤ እነርሱም ለአባቶቻቸው ታዘዙ እንጂ በራሳቸው ፈቃድ አልሮጡም። የመነኮሳት አባት አባ ጳኩሚስ በገዳሙ ለታመሙት መነኮሳት የተለየ ማደሪያና የተለየ ምግብ እንዲኖር ሥርዓት ሠርቶአል። ኤልያስም አርባውን ቀን የተጓዘው እምቢ አልበላም ብሎ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ብላ ተብሎ ሁለት ጊዜ የበላ ሰው ነው። የነቢዩ ጽናት የሚታየው በመንገዱ ብቻ አይደለም፤ ሊሞት ወድዶ ሳለ ታዝዞ በመብላቱም ነው። ለዚህ በሽተኛም የሚበላው አንዲት ጕርሻ ጤነኛው ከሚጾመው ብዙ ቀን የምትከብድ ተጋድሎ ናት፤ እግዚአብሔርም እንደ ተጋድሎ ይቈጥራታል ብለን እናምናለን።

በመጨረሻ ለቤተ ሰብ አንድ ቃል። በእኛ አገር በአንድ ገበታ ብዙ ሰው ስለሚበላ አንዱ ምን ያህል እንደ ጎረሰ አይታወቅም። ይልቁንም የቤቲቱ እመቤት ሁሉን አብልታ በኋላ በማድቤት ትበላለች ይባላልና፥ ባትበላም የሚያያት የለም። ይህ ደዌ የያዛቸው ብዙዎች ደግሞ ለሌላው ማብሰልና ማጕረስ ይወድዳሉ፤ እርስዋ ለሁሉ ስታጐርስ ለእርስዋ ያጐረሰ እንዳለ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ባል ለሚስቱ፥ ልጅ ለእናቱ፥ ወንድም ለወንድሙ ይህን ይመልከት። ሲያየውም አይሳቅ፥ አይቈጣ፥ በጉርሻ አያስጨንቅ፤ «ብቻሽን አይደለሽም፥ ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ይበላት እንጂ። ካህኑም በጸሎቱ ይከተላቸው።

እግዚአብሔር አምላካችን ለድውያን ፈውስን፥ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለካህናት ማስተዋልን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።